ከመጽሐፉ የወጣው ምዕራፍ

አቶ ደምሰው ማረፉን የሰማሁት ለንደን፣ ሃርልስደን፣ ከሥራ ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው። የደወለልኝ እሱ ይመራው የነበረው ኮሚቴ ጸሐፊ ግርማ ነበር። «እትዬ አስካለ፣ ሊቀ መንበራችንን አጣናቸው» አለኝ። አማተብኩ። «ነፍስ ይማር» አልኩ። ከዚያ የሚመጡትን አውቶቡሶች ቁጥር ማየት ጀመርኩ።

ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር። እዚህ ግን «እሱ» እያልኩ እጽፋለሁ፤ በልቤ አንቱታውን ከተውኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ። ግን የሞተ ሰው ሁሉ ደግ ነበር ማለትም ሐሰት ነው፣ ሐሰትም ኃጢአት ነው።

ግርማ የፈለገኝ ለሁለት ነገር ነበር። በአርባኛው ቀን ክላፋም ያለው አዳራሽ ውስጥ ዝክር ስለሚደረግ የሕይወት ታሪኩን ታይፕ እንዳደርግ፤ ደግሞም ሟቹ ከጻፈው መጽሐፍ ጥቂት ገጽ መርጬ እንዳነብ። «መጽሐፉን ታይፕ ያደረጉት እርስዎ ነዎት፤ የትኛው ቦታ ልብ እንደሚነካ ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ በነበሩት ሁለት ዓመታት ለንደን ያለ ሐበሻ ሁሉ ፖለቲከኛ ሆኖ ነበር። ቅዳሜ ሰልፍ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ። ደምሰው አዲስ አበባ ጠበቃ ነበር። የአገር ቤት ፈቃዱ እዚህ አልሠራ ሲለው፣ ሆሎዌይ መንገድ ላይ ከአንድ የምንጣፍ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ ለስደተኛው ፎርም ይሞላ ነበር። ሥራው በራሱ የተከበረ ሥራ ነው። ለሽማግሌዎቻችን የነጻ አውቶቡስ ማለፊያ ያስወጣላቸው እሱ ነው፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ እንደ እሱ መሆኔ ነው። ለእሱ ግን ፎርም መሙላት ውርደት ነበር። እሱ የተፈጠረው ለመድረክ ነው።

እኔ አገር ቤት የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። እዚህ ጠዋት ጠዋት ቢሮ አጸዳለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በእሱ ኮምፒውተር አማርኛውንም እንግሊዝኛውንም እጽፍለት ነበር። ለወገን የማደርገው አገልግሎት መስሎኝ ነበር።

መጽሐፉ የተጀመረው እንዲህ ነው። አንድ ቀን ከቻሪቲ ሾፕ፣ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ፣ ቀይ ልባስ ያለው አሮጌ መጽሐፍ ገዝቶ መጣ። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የኖረ የአንድ አሜሪካዊ ጠበቃና ፖለቲከኛ ታሪክ ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ ሁለት መቶ ጊዜ ታይፕ አድርጌዋለሁ፣ ይበቃኛል። የኮርቻ ሠሪ ልጅ ነው። የአንድ ጠበቃ ቢሮ እየጠረገ ሕግ ተማረ፤ ዐቃቤ ሕግ ሆነ፤ ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ተመረጠ፤ አንድ ጊዜ ዋሽንግተን ደርሶ ተመለሰ። በመሐል ፓርቲ ሁለት ጊዜ ለወጠ። ደምሰው ይህን ባነበበ ቀን የጠፋ ወንድሙን ያገኘ መሰለው። እሱም በዚያው ዓመት ከአንዱ የድጋፍ ኮሚቴ ወደ ሌላው፣ ከሌላው ደግሞ ወደ ሦስተኛው ተሻግሮ ነበርና። «ታሪኩን ለሕዝባችን በአማርኛ አበረክታለሁ» አለ።

ሰውየውን ማበርከት ብቻ አልበቃውም፤ ሰውየውን መሆን አማረው። መጽሐፉ ውስጥ እንዳለው ሥዕል ከንፈሩን ተላጭቶ ጺሙን ከአገጩ ሥር ብቻ አሳደገ። ጥቁር ሰደርያ ገዛ፣ ከኪሱ የብር ሰንሰለት አንጠለጠለ። ሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ሰዓት አልነበረም፤ የቤቱ ቁልፍ ነበር። ሕይወት የምትባል ልጅ መጀመሪያ ቀን ስታየው ጆሮዬ ሥር ተጠግታ፣ «እትዬ፣ የሰውየው ጺም ምን ሆኖ ነው ወደ ታች የወረደው?» ብላ ጉድ ልታደርገኝ ነበር።

ስለ ሕይወት እመጣለሁ። ጠባዩን ልጨርስ።

ጥያቄ ስትጠይቂው አውራ ጣቱን ሰደርያው ውስጥ ይሰካና «ጥያቄሽን በሦስት ከፍዬ ልመልስልሽ» ይላል። አንደኛውን ይናገራል። ሁለተኛውን ያስረዝማል። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ስልኩ ይጠራል፣ ወይም የስብሰባ ሰዓት ይደርሳል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሦስተኛውን አንድም ቀን አልሰማሁም።

አንድ ቅዳሜ አሜሪካዊው ስለ ባርነት ያደረጋቸውን ንግግሮች እያነበበልኝ እጽፋለሁ። ሦስት ንግግር ነው፤ አንዱ ከሌላው አይገጥምም። አንዱ ከተማ ባርነት ክፉ ነው ይላል። ሌላው ከተማ ክፉ ቢሆንም ሕግ ነው ይላል። ሦስተኛው ላይ ጊዜ ይፈታዋል ብሎ ይቀመጣል። እጄ ቆመ።

«አቶ ደምሰው፣ እንደው ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ባሮቹስ?»

«ባሮቹስ ምን?»

«ጊዜ እስኪፈታው ድረስ እነሱ ምን ሆኑ?»

«ጥያቄሽን በሦስት ከፍዬ ልመልስልሽ» አለ። «አንደኛ፣ ይህ የፖለቲካ ብስለት ይባላል። ሁለተኛ፣ እህቴ፣ አንቺ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነሽ፤ ፖለቲካ የቅዱሳን ሥራ አይደለም…» ስልኩ ጠራ።

መጽሐፉ አሥራ አራት ምዕራፍ ነበረው። በእነዚያ ሁሉ ምዕራፎች ውስጥ አሜሪካዊው ሰው ሆኖ የታየኝ በአንዱ ብቻ ነው፤ በአሥራ አንደኛው። አንዲት መበለት እርሻዋን ልትነጠቅ ስትል እሱ ይቆምላታል። የውሉን ቀን ግን ራሱ አሳስቶ ጽፎ ኖሮ መበለቲቱ ትሸነፋለች፤ ከተማው ሁሉ ሐሰተኛ ይላታል። እሱ በዚያ መጸው ለምርጫ ይወዳደር ነበር። ቢናገር ስሙ ይበላሻል፣ ቢተው የሴቲቱ ስም እንደጠፋ ይቀራል። ሄዶ ከበላይ ዳኞች ፊት ቆመና ስሕተቱ የእኔ ነው አለ። ጋዜጣው ቀለደበት። በምርጫው ተሸነፈ። መበለቲቱ ግን እርሻዋን አገኘች፤ ጎረቤቶቿም በሯን እያንኳኩ ይቅርታ ጠየቋት።

ደምሰው ይህን ሲያነብልኝ አለቀሰ። መነጽሩን አውልቆ በሰደርያው ጫፍ ጠራረገ። «አየሽ እህቴ፣ ሰው ማለት ይህ ነው» አለኝ። እኔም አብሬው እንባዬ መጣ። ያን ቀን አከብረው ነበር።

አሁን ስለ ሕይወት። ሕይወት ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። አዲስ አበባ ከምርጫው በኋላ ታስራ ተፈትታ፣ ከዚያ አምልጣ መጥታ በቤተ ክርስቲያን በኩል ተገናኘን፤ ቤቴ ሶፋ ላይ ትተኛ ነበር። ጥገኝነት አፕላይ ስታደርግ ስቴትመንቷን፣ የደረሰባትን የሚተርከውን ጽሑፍ፣ እንዲጽፍላት ደምሰው ጋ ወሰድኳት። ዘመኑን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነገረችው፤ ሌላ አታውቅማ። የታሰረችው በዘጠና ስምንት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት መጨረሻ ነው። የተፈታችው በዚያው ዓመት ጥር ነው።

እሱ በእንግሊዝኛ እየተናገረ እኔ እጽፋለሁ። ጥቅምት ላይ ሰባት ደምሮ ኖቬምበር ሁለት ሺህ አምስት አለ። ልክ ነው። ጥር ላይም ያንኑ ሰባት ደምሮ ጃንዋሪ ሁለት ሺህ አምስት አለ።

እዚህ አገር ለኖረ ሐበሻ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰባት ይደመራል። የፈረንጆቹ ዓመት ከዞረ በኋላ ግን ስምንት ነው። ሲሳሳቱ አይቻለሁ፤ የልጅ ልደት፣ የጋብቻ ወረቀት። የእሱ ስሕተት ግን ልጅቱን ከመታሰሯ ከአሥር ወር በፊት አስፈታት። ምርጫው እንኳ ገና ሳይደርስ!

«አቶ ደምሰው፣ ጥር ላይ ስምንት አይደለም የሚደመረው?» አልኩ።

«እህቴ፣ እኔ በዓለም አቆጣጠር ችሎት የቆምኩ ሰው ነኝ። ስሌቱን ለእኔ ተይልኝ። ስብሰባ አለብኝ፣ ጻፊው።»

ጻፍኩት። አንድ ጊዜ ጠየቅሁ፣ ሁለተኛ አልጠየቅሁም። እሱ ጠበቃ ነው፣ እኔ ቢሮ የማጸዳ ሴት። ይህ የእኔ ድርሻ ነው፤ ለንስሐ አባቴ ነግሬዋለሁ፣ እዚህም እጽፈዋለሁ።

ሕይወት ሪፊውዝ ተደረገች፤ ጥገኝነቱን ከለከሏት። ደብዳቤው ብዙ አይልም። አመልካቿ በቃል ስትጠየቅ የሰጠችው ቀን ከጽሑፏ ጋር አይገጥምም፤ በጽሑፏም ከመታሰሯ በፊት ተፈታሁ ትላለች፤ ስለዚህ ታሪኳ የፈጠራ ነው። ይግባኝ ስትል ጉዳይዋን የያዘችላት እንግሊዛዊት ሶሊሲተር፣ ማለት ጠበቃዋ፣ ነገሩን ስናስረዳት ሳቀች፤ ደስ ብሏት ነው። «ስቴትመንቱን ያዘጋጀው ሰው ሁለት መስመር ይጻፍልን። ስሌቱ የእኔ ስሕተት ነው ብሎ ይፈርም፣ በቃ» አለች።

ሁለት መስመር። ሕይወትን ይዤ በደስታ ሆሎዌይ ሄድኩ።

ደምሰው ደብዳቤውን አነበበ። ሰንሰለቱን በጣቱ ጠመዘዘው። ያን ሰሞን ለአዲሱ ኮሚቴ ሊቀ መንበርነት ይወዳደር ነበር፤ ምርጫው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፣ የሕይወት ችሎት ደግሞ አራት።

«በሦስት ከፍዬ ነው የማየው» አለ። «አንደኛ፣ ተቀናቃኞቼ ይህን ወረቀት ቢያገኙ ‹የሰው ጉዳይ አበላሸ› ይላሉ። ሁለተኛ፣ የተጎዳሁት እኔ ብቻ አልሆንም፤ ትግሉ ነው የሚጎዳው።»

ሦስተኛውን ጠበቅሁ። ስልኩም አልጠራም። መስኮቱን አየ።

«አቶ ደምሰው» አልኩት፣ «አሥራ አንደኛው ምዕራፍ…»

«ያ አሜሪካ ነው!» አለኝ። «ያ ሕዝብ የሠለጠነ ሕዝብ ነው። የእኛ ሕዝብ ስሕተቱን ያመነ መሪ አያከብርም፣ ይረግጠዋል።»

ሕይወት ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። «ጋሼ፣ እኔን ከአገር ሊያስወጡኝ ነው እኮ» አለችው። ድምፅዋ አልከረረም። እሱ ኮቱን አንሥቶ «እናየዋለን ልጄ፣ እናየዋለን» እያለ ከእኛ ቀድሞ ደረጃውን ወረደ። የገዛ ቢሮውን ለእኛ ትቶ ሸሸ።

ሸሽቶ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልከፋ። የምርጫው ቀን ክላፋም አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። እኔና ሕይወት መሐል ላይ ተቀምጠናል። ንግግሩን አድርጎ ሲጨርስ ከኋላ አንድ ሰው ተነሣና፣ «አቶ ደምሰው፣ እርስዎ የጻፉላት አንዲት ልጅ ከመታሰሯ በፊት ተፈትታለች ይባላል። መንግሥቱንም እንዲሁ ከመመረጥዎ በፊት ሊይዙልን ነው?» ብሎ ጠየቀው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ደምሰው አውራ ጣቱን ሰደርያው ውስጥ ሰካ። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ። ከዚያ በዚያ የችሎት ድምፁ፣ «ወገኖቼ፣ እኔ ጸሐፊ ነኝ፤ ተናጋሪው ሌላ ነው። አንዳንድ ልጆቻችን ያልታሰሩትን እስር ታሰርን ሲሉ እኔ ምን ላድርግ?» አለ።

ሳቁ እንደገና መጣ፤ አሁን ግን የሚሳቀው በእኛ ነበር። ልጅቱን የሚያውቃት ብዙ ነበር። ደምሰው ተመረጠ። እኔ ተነሥቼ ‹ስሌቱ የእሱ ነው› አላልኩም።

አውቶቡስ ላይ ሕይወት መስኮቱን እያየች፣ «እትዬ፣ ፈረንጁ ባያምነኝ አገሬን አያውቅም እላለሁ። የእኛ ሰዎች ግን ጥርን ያውቃሉ» አለችኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ሆሎዌይ የሄድኩት ሥራውን መተዌን ልነግረው ነው። እሱ ግን አፌን ከመክፈቴ፣ «ምዕራፍ አሥራ አንድን አውጪው። አሥራ ሁለትን አሥራ አንድ በይው፣ ሌላውንም እንደዚያው» አለኝ። ምክንያት አልሰጠም፤ በሁለትም በሦስትም አልከፈለውም። አወጣሁት። ከማውጣቴ በፊት ግን አራቱን ገጽ ፕሪንት አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ከመዝሙረ ዳዊቴ ጋር አኖርኩት።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን በአጭሩ ልጻፍ፤ ነገሬ ስለ እሱ ነውና። እኔ በመሐላ ነገር እፈራለሁ። በሕይወቴ «ማርያምን» ብዬ እንኳ አላውቅም። ለሕይወት ምዬ ልመስክር ወይ ብዬ የንስሐ አባቴን ጠየቅሁ፤ «የምታውቂውን መናገር ምን ኃጢአት አለው? ዝም ማለቱን ነው የፈራሁልሽ» አሉኝ። ችሎቱ ላይ መጽሐፍ ቅዱስ ይዤ ቆምኩ። ዳኛዋ ስሕተቱን እያየሽ ለምን ጻፍሽው አለችኝ። ጻፊ ያለኝ ጠበቃ ነው አልኳት። ስሌቱን አስረጂኝ ስትለኝ ከመስከረም ጀምሬ ወሮቹን በጣቴ ቆጠርኩላት፤ ጥር ላይ ስደርስ፣ ከዚህ ወዲህ ስምንት ነው ብዬ ሌላውን እጄን አነሣሁ። አስተርጓሚው ሳይጨርስ ብዕሯን አንሥታ ጻፈች። ሕይወት የመኖሪያ ወረቀቷን አገኘች።

ግን ወረቀት ስም አይመልስም። ሐበሻው «ውሸቷ ሠራላት» አለ። ከዚያ ወዲህ ሕይወት ሰው የተሰበሰበበት አልሄደችም፤ ለሠርግ ትጠራለች፣ ትቀራለች። ነርስ ሆነች፣ ወለደች፤ ክርስትናው ላይ ከካህናቱ ሌላ የነበርነው አራት ሰዎች ነን።

ደምሰው ከእኔ ጋር ዳግመኛ አልተነጋገረም። መጽሐፉ በአሥራ ሦስት ምዕራፍ ታተመ። ጀርባው ላይ እሱ በሰደርያ፣ በሰንሰለት ቆሟል። ኮሚቴው በኋላ ሁለት ቦታ፣ ከዚያ ሦስት ቦታ ተከፈለ፤ እሱ የመጨረሻዋ ቁራጭ ሊቀ መንበር ሆኖ ሞተ። አባላቱ በአንድ ታክሲ ይጓጓዙ ነበር።

ግርማ ሲደውልልኝ እንግዲህ ይህ ሁሉ ነው የመጣብኝ። ሦስት ቀን ጸለይኩ። ከዚያ ሕይወት ጋ ደወልኩ።

«ለእሱ ዝክር? እትዬ፣ ደኅና ነሽ ግን?»

«ለእሱ አይደለም። ነይ ብዬሻለሁ።»

መጣች። ከሥራ በቀጥታ፣ ከኮቷ ሥር የነርስ ልብሷን እንደለበሰች መጥታ መጨረሻው ወንበር ላይ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ያው አዳራሽ ነው። ወንበሮቹ እንኳ አልተለወጡም። ካህናቱ ጸሎት አደረሱ፣ ምግብ ተበላ፣ ግርማ የሕይወት ታሪኩን አነበበ። ከዚያ እኔ ተጠራሁ። አራቱን ገጽ አወጣሁ። ማጠፊያው ላይ ሊቀደድ ደርሶ ነበር።

አሜሪካዊው ዳኞቹ ፊት ቆሞ «ቀኑን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሐሰተኛ የምትሉት ካለ እኔን በሉኝ እንጂ እሷን አትበሏት» ያለበት ቦታ ስደርስ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ዐይናቸው ወሰዱ። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ወለሉ ላይ መታ አድርገው፣ «ራሱን ነው የጻፈው! ደምሰው ማለት እንዲህ ነበር!» አሉ። ብዙ ራስ ተነቀነቀ። ሞቶም ይህችን ክብር ሊወስዳት ነው አልኩ በልቤ።

ግርማ ግን መጽሐፉን ይዞ ገጹን ይገልጥ ነበር። ወደፊት ገለጠ፣ ወደኋላ ገለጠ። «እትዬ አስካለ፣ ይህን የትኛው ገጽ ላይ ነው ያነበቡት? የእኔ አሥራ አንደኛ ምዕራፍ ሌላ ነው።»

«የታተመው ላይ የለም። ሳይታተም በፊት አውጪው ብሎኝ ነው።»

«እንዲህ ያለውን? ለምን?»

ሽማግሌውም በትራቸውን ይዘው ያዩኛል። መልሱን እኔ ማለት እችል ነበር፤ ስንት ዓመት አዘጋጅቼዋለሁ። ወረቀቱን አጥፌ ከመዝሙረ ዳዊቴ ጋር መለስኩት።

«ምክንያቱ እዚያ በሩ ጋ ተቀምጣለች» አልኩ። «እሷ ትንገራችሁ።»

ራሶቹ ሁሉ ዞሩ። አንዳንዱ ሲያውቃት ፊቱ ላይ አየሁት። ሕይወት ቶሎ አልተነሣችም። በሩን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ከዚያ ኮቷን አውልቃ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና ቆመች።

«ጥር ላይ» አለች፣ «ስምንት ነው የሚደመረው።»